ሽንኩርቱ ይንተከተካል እንጂ አይቁላላም፦ ስለ እሁድ ገበያ ሽንኩርት የተደረገ ውይይት

ክሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ከአንድ ጥያቄ ሥር የተከታተሉት ምላሾች፣ ረጅም ነው፤ ጠቃሚው ነገርም ከጭቅጭቁ መሀል ተበታትኗል። ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። የተሳሳቱትን ምክሮችም አልጣልኳቸውም፤ በየወጥ ቤቱ የሚሰሙ ስለሆኑ ከእርማታቸው ጋር ቢነበቡ ይሻላል።

መነሻ ጥያቄ

ጠያቂዋ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታበስል ናት። ለፍልሰታ ከእሁድ ገበያ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ገዝታለች። አንዱን ኪሎ ከትፋ፣ ከዘይት ጋር መካከለኛ ድስት ውስጥ ጣደችው። ከ20 ደቂቃ በኋላም ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይንተከተካል፤ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ሰዓቱ ሲሄድባት በርበሬውንና ምስሩን ጨመረች። ወጡ ስኳር ስኳር አለ፤ ዘይቱም ከላይ ተለይቶ አልወጣም። ጥፋቱ የሽንኩርቱ ነው ወይስ የአሠራሩ? የቀረውን 2 ኪሎስ ምን ላድርገው? የሚል ነው ጥያቄዋ።

ምላሽ 1

በእህትነት አነጋገር የጀመረ፣ ትዕግሥት ያለበት ምላሽ ነው። ጸሐፊዋ ዘይቱ ቀድሞ መግባቱንና የድስቱን ጥበት ነው ያነሳችው። ለ1 ኪሎ ሽንኩርት ድስቱ ሰፊና ቂጡ ወፍራም ይሁን፤ ሽንኩርቱ ከድስቱ ሲሶ አይለፍ። ከዚያ በላይ ከሞላ የታችኛው እንፋሎት የላይኛውን ይቀቅለዋል። ደቀቅ አድርጎ መክተፍ፣ ያለ ዘይትና ያለ ጨው መጣድ፣ አለመክደን፣ በየ2 እና 3 ደቂቃው ማማሰል። ውሃው ሲያልቅ ሽንኩርቱ ታች መያዝ ይጀምራል፤ ያኔ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ጠብ አድርጎ የያዘውን በማማሰያ ማስለቀቅ፣ ይህንንም ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም። ዘይት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለ1 ኪሎ አንድ የቡና ሲኒ ተኩል ይበቃል። የደረቀ ሽንኩርት በ25 ደቂቃ ለዘይት ሲደርስ፣ ውሃ የበዛበት 45 ደቂቃ ሊፈጅ እንደሚችልም ጨምራለች።

ምላሽ 2

በአንደኛው ተስማምቶ ሰዓት ከማየት የሚሻል መለኪያ አመጣ። በማማሰያው የድስቱን ወለል ከዳር እስከ ዳር ጠረግ ማድረግ ነው። መንገዱን ውሃ ወዲያው ከሞላው ሽንኩርቱ ገና እየተቀቀለ ነው። መንገዱ ሳይሞላ ሦስት አራት ሴኮንድ ከቆየ፣ ከዳርና ከዳሩም ሽንኩርቱ ተያይዞ ከቆመ፣ ዘይት ይገባል። በጆሮም ይለያል፤ ብልቅልቅ የሚለው ድምፅ ቸስ ቸስ ወደሚል ይቀየራል። ቀለም ብቻ የሚያይ ሰው ሊሳሳት እንደሚችል አስጠነቀቀ፤ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ አጠገብ ያለው ክፍል ሳይበስልም ጠቆር ስለሚል።

ምላሽ 3

ከክሩ ሁሉ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው ይህ ይመስለኛል፤ ከድስቱ ወደ ገበያው የመለሰን እሱ ነውና። ጸሐፊው ሽንኩርት አምርቶ መሸጥን የሚያውቅ መሆኑ ከአነጋገሩ ይታወቃል። ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ ጥላና ነፋስ ባለበት ቦታ ሳይደራረብ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መድረቅ አለበት። አንገቱ ሲኮማተርና የውጪው ልጣጭ እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ደረሰ ይባላል። በበጋ በመስኖ ለምቶ ከመቂና ከባቱ አካባቢ የሚመጣው ይህን ዕድል ያገኛል። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ማድረቂያ አይሰጥም፤ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ ሳይጠና ይነቀላል። ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ስለሚውል፣ ሽንኩርት በብዛት በሚፈለግበት ወቅት ገበያው ላይ የሚገኘው እርጥብ ነው።

እርጥቡን ለመለየት አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጫን ማድረግ ይበቃል። ከላላ ወይም ወፍራምና አረንጓዴ ከሆነ ውስጡ ውሃ ነው፤ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር ከልጣጩ ሥር ካለ ሻጋታ ነው። ትልልቁን ትቶ መካከለኛውን መምረጥም ይሻላል። ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዝርያ ቶሎ ስለሚደርስ በየገበያው አለ፤ በደንብ ከደረቀ ለወጥ ምንም አይወጣለትም። ለቀረው 2 ኪሎ የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ዛሬውኑ ከፌስታል ይውጣ፣ ሰፌድ ላይ በአንድ ረድፍ ይዘርጋ፣ አንገቱ የላላው ቀድሞ ይብሰል። ከድንች ጋር አንድ ቦታ አይቀመጥ፤ ሁለቱም ቶሎ ይበላሻሉ።

እኔ እዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ስንት ደቂቃ እንደሚቁላላ በቁጥር የሚነግረን አብሳይ ሁሉ የራሱን ሽንኩርት እንጂ የእኛን አላየም። ከ1 ኪሎ ሽንኩርት ከ850 እስከ 900 ግራሙ ውሃ ነው፤ ይህ ውሃ ሳይወጣ ድስቱ የቱንም ያህል እሳት ቢነድበት ከመፍላት አያልፍም።

ምላሽ 4

አንድ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር ሽንኩርቱ በ10 ደቂቃ ይሟሟል የሚል አቋራጭ ነው። ቲማቲምም ከመጀመሪያው አብሮ ቢገባ ወጡ እንደሚቀላ ይኸው ሰው ጽፏል።

ምላሽ 5

ጨዋ ግን ቆራጥ እርማት ነው። ሶዳው ሽንኩርቱን ማፍረሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገንፎ ያደርገዋል፣ የሳሙና ዓይነት ጣዕምም ይተዋል። በቀይ ሽንኩርት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቀይ ያደረገው ቀለም ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል። ቲማቲሙ የሚያደርሰው ጉዳት የዚህ ተቃራኒ ነው። ኮምጣጣ ስለሆነ ሽንኩርቱ ሳይለሰልስ ከገባ ሽንኩርቱን ያጠነክረዋል፤ አንድ ሰዓት ቢንተከተክም ቁርጥራጩ ጥርስ ላይ ይሰማል። ምስርና ድንችም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ቲማቲም የሚገባው ሽንኩርቱ ሟሙቶ፣ ዘይቱ ገብቶ፣ በርበሬው ከተቁላላ በኋላ ነው።

የበርበሬውንም አሠራር በዝርዝር አስቀመጠች። 400 ግራም ለሚሆን ሁለት ኩባያ ምስር ክክ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት። የበርበሬ ቀለም የሚወጣው በዘይት ስለሆነ ዘይት ሳይገባ በርበሬ መጨመር ወጡን ያደበዝዘዋል። እሳቱን ቀንሶ፣ በርበሬውን ከሁለት ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጋር ጨምሮ፣ በደረቀ ቁጥር ጠብ እያደረጉ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማቁላላት ያስፈልጋል። በርበሬ አንዴ ካረረ መራራነቱን የሚመልሰው የለም፤ ስኳርም ቅቤም አይሸፍነውም። ከዚያ የታጠበው ምስርና ወደ 6 ኩባያ የፈላ ውሃ ይገባል፤ ጨው መጨረሻ ላይ። የጠያቂዋ ወጥ ስኳር ስኳር ያለው በርበሬው ሳይበስል ውሃ ስለወረደበት፣ የሽንኩርቱን ጣፋጭነት የሚገታ ነገር ስላላገኘ ነው የሚል ግምት ሰጥታለች። በግምቷ እስማማለሁ።

ምላሽ 6

ሽንኩርቱን በብሌንደር መፍጨት ይቻላል ወይ? አንድ መስመር ብቻ። ጭቅጭቁ የተነሳው ከዚህ ነው።

ምላሽ 7

በብሌንደር የሚሠራ ወጥ ወጥ አይባልም፣ የአበሻን ሙያ ያጠፋው ይኸው ነው የሚል ንግግር ነው። እስካሁን እርስዎ ሲባባል የቆየው መድረክ እዚህ ላይ አንተና አንቺ ውስጥ ገባ። ከንግግሩ ውስጥ የሚጠቅመው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ የተፈጨ ሽንኩርት የሚከረፋና የሚመር ጣዕም ያመጣል ይላል።

ምላሽ 8

ተቆጥታ የጻፈች ናት። ከሥራ ወጥቶ፣ የትራንስፖርት ሰልፍ ተሰልፎ፣ ማታ 1 ሰዓት ቤት የሚገባ ሰው 2 ኪሎ ሽንኩርት ቆሞ ሲከትፍ ልጆቹ ሳይበሉ ይተኛሉ ብላ መለሰች። ስለ ሙያ መጥፋት የሚያወራው ሰው ራሱ መክተፊያ ይዞ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀች። ከዚያ የተከተሉት ሦስት አጫጭር ምላሾች (9፣ 10 እና 11) ስድብ ብቻ ስለሆኑ አልፌያቸዋለሁ።

ምላሽ 12

ነገሩን ያበረደው ይህ ነው፤ ለሁለቱም ወገን ድርሻውን ሰጠ። ሽንኩርት ሲፈጭ ውስጡ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል፤ የሚከረፋውና የሚመረው ነገር በብዛት የሚወጣው ለዚህ ነው። ውሃውም ሁሉ ስለሚለቀቅ መጀመሪያ ላይ ድስቱ ውስጥ ያለው ሾርባ ነው። ነገር ግን መፍትሔ አለው። ሽንኩርቱን አራት ቦታ ከፍሎ፣ ውሃ ሳይጨምሩ፣ አጥፋ አብራ እያደረጉ ለሦስት አራት ጊዜ ብቻ ማስነካት፤ የምስር ክክ ሲያክል ማቆም። ተፈጭቶ አይደር፤ ወዲያው ይጣድ። ያለ ዘይት የሚቆይበት ጊዜም ከተከተፈው በ15 ደቂቃ ይርዘም። ሽንኩርቱን ጨምቆ ውሃውን መድፋትን ግን አጥብቆ ተቃወመ፤ ጣዕሙ አብሮ ይደፋል።

ምላሽ 13

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ አስታወሰ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ በ20 ደቂቃ የሚበስል ምስር እዚህ 30 ቢፈጅ አይገርምም። ሽምብራና ቦሎቄ ሌሊቱን ሳይዘፈዘፉ መጣድ ዋጋ የለውም፤ ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ግን ከከፍታው ጋር መታገል አይጠበቅበትም። አጭር ምላሽ ናት፤ ከሌላ አገር የተቀዳ የማብሰያ ሰዓት ይዞ የሚጨነቅ ሁሉ ቢያነባት ይጠቀማል።

ምላሽ 14

ነጋዴዎች ኪሎ እንዲያነሳላቸው ሽንኩርቱን ውሃ ውስጥ ይነክሩታል የሚል ክስ ነው። ሚዛናቸውም ሆን ተብሎ የተዛባ ነው ይላል። ሁሉም ሰው ፒያሳ አትክልት ተራ ወርዶ በጅምላ እንዲገዛም መከረ።

ምላሽ 15

ሦስቱንም ነጥቦች በሹል አነጋገር አረመ። አንደኛ፣ የተነከረ ሽንኩርት ከአንገቱ ጀምሮ ይበሰብሳል፤ የሚከስረው ራሱ ሻጩ ስለሆነ ትርጉም የለውም። ውሃ የሚረጭበት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ነው፤ እሱም እንዳይጠወልግ ነው። ገዢው ከመመዘኑ በፊት እስሩን ገልብጦ ሁለት ሦስቴ ማራገፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሚዛን የሚጠራጠር ሰው ያልተከፈተ የ1 ሊትር ውሃ ይዞ ይሂድ፤ ከነላስቲኩ ከ1 ኪሎ ጥቂት ግራም ነው የሚያልፈው፤ ስም ከማጥፋት ማስመዘን ይቀላል። ሦስተኛ፣ አትክልት ተራ ከፒያሳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል፤ ሰው አያሳስቱ አለ። ጉሊት ላይ በመደብ የምትሸጥ ሴት ጋ የተወደደ ቢመስልም፣ አንድ በአንድ መርጦ መግዛት ስለሚቻልና ምርቃትም ስላለ፣ የሚጣለው ሲቀነስ ልዩነቱ እንደሚጠብም አክሏል። በዚህ በመጨረሻው ከልቤ እስማማለሁ፤ አምስት ኪሎ በርካሽ ገዝቶ አንዱን ኪሎ መጣል ቁጠባ አይደለም።

ምላሽ 16

ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የተጻፈ ነው። እዚያም የገበሬዎች ገበያ ላይ በሰኔ ከነአረንጓዴ ቅጠሉ የሚሸጠው ሽንኩርት ምላሽ 3 ላይ እንደተባለው ያልደረቀ ስለሆነ ለሰላጣ እንጂ ለቁሌት እንደማይመች ይናገራል። ከጆርጂያ የሚመጣው ቪዳሊያ የተባለው ጣፋጭ ሽንኩርት ውሃው ብዙ፣ ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ወጡን ማር ያስመስለዋል። ለዶሮ ወጥ ቀዩን ወይም ልጣጩ የደረቀውን ቢጫ ሽንኩርት መያዝ ነው። ለጎመን ደግሞ ኮላርድ አለ፤ ቅጠሉ ከአበሻ ጎመን ስለሚወፍር ግንዱን አውጥቶ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መቀቀል ያስፈልጋል።

ምላሽ 17

ከምላሽ 16 ጎመኑን ብቻ ይዞ ሄደ፤ ክሩም ከሽንኩርት ወጣ። ስለ አበሻ ጎመን አጠባ የሰጠችው ዝርዝር ግን ክሩ ከርዕሱ በመውጣቱ እንዳይከፋኝ አድርጎኛል። ቅጠሉ ከመከተፉ በፊት ሙሉውን ይታጠብ። በ4 ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፤ ከቅጠሉ ጀርባ የተለጠፈው ክሽክሽ (ትንንሹ ተባይ) ይለቃል። ከዚያ ቅጠሉን በእጅ ከውሃው ማንሳት እንጂ ውሃውን በቅጠሉ ላይ መገልበጥ አይደለም፤ አሸዋው ታች ስለረጋ ሲገለበጥ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ውሃው ታች አሸዋ እስኪያጣ ሦስት ጊዜ መደጋገም። በሚንፎለፎል ውሃ ሳይከደን 8 ወይም 10 ደቂቃ ከፈላ አረንጓዴነቱ አይጠፋም፤ መራራነቱም ይቀንሳል። ጨምቆ፣ ከትፎ፣ ከተቁላላ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጋር 10 ደቂቃ ማብሰል፤ ቃሪያው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ይገባል። ቆስጣ ግን አይቀቀልም፤ መጀመሪያ ግንዱ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቅጠሉ ገብቶ በራሱ ውሃ ይበስላል።

ምላሽ 18

የቱንም ያህል ቢታጠብ በአቃቂ ወንዝ የለማ ጎመን አይጠራም የሚል ነው። ኮምጣጤ ያጸዳዋል የሚለውን ወሬም ውሸት ብሎታል።

ምላሽ 19

ሕዝቡን አታስደንግጡ፣ ይህ ሁሉ አትክልት አምራቹን ለማክሰር ነው የሚል ቁጡ መልስ።

ምላሽ 20

ቁጣውን ትታ ሁለቱን ጉዳዮች ለየቻቸው፤ መለየትም ያለባቸው ናቸው። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ወንዝ የሚጠጣ አትክልት ከባድ ብረቶችን የሚወስደው በሥሩ ስለሆነ አይታጠብም፣ በመቀቀልም አይጠፋም። ቅጠላ ቅጠል ከቲማቲምና ከሽንኩርት ይልቅ አብዝቶ ይይዛል። መፍትሔው ከየት እንደመጣ መጠየቅና ሁልጊዜ ከአንድ ሻጭ አንድ ዓይነት ቅጠል አለመብላት ነው። ተሕዋስያኑ ደግሞ ሌላ ናቸው፤ እነሱ እሳት አይችሉም። ስለዚህ የበሰለ ጎመን ከአሜባ ያስጥላል፣ ጥሬ ሰላጣ ግን አያስጥልም። የአሜባን ቋት (በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለለውን አሜባ) እና የወስፋትን እንቁላል ኮምጣጤ ይገድላቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ክሎሪንም ቢሆን በቤት በሚጨመረው መጠን አስተማማኝ አይደለም። ሕፃንና ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት ከገበያ የመጣ ሰላጣ በጥሬው ባይቀርብ እንደሚሻል ጻፈች። ምላሽ 19 መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 21

ጠያቂዋ ተመልሳ ሁሉንም አመሰገነች። አንገቱ የላላውን ሽንኩርት ባንዴ አቁላልታ ብታስቀምጠው ይቆይላት እንደሆነ ጠየቀች።

ምላሽ 22

ይቆያል፤ ግን በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ሳይገባበት። 3 ኪሎ ሽንኩርት ተቁላልቶ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ሰፊ ሳህን ላይ ዘርግቶ ማቀዝቀዝና በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ማስገባት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ 3 ወር። ለፍሪዘር በላስቲክ ከረጢት ውስጥ የጣት ውፍረት አድርጎ መጠፍጠፍ፣ ከላይ በማማሰያ ጀርባ መስመር ማስያዝ፤ ሲደርቅ በመስመሩ እየተሰበረ ለአንድ ወጥ የሚበቃው ብቻ ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ካልተከፈተና ሙሉ ከሆነ ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከቀለጠና ከሞቀ ተመልሶ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ።

ምላሽ 23

ነጭ ሽንኩርትን ከሎሚ ጋር ፈጭቶ ሲያስቀምጡት አረንጓዴ መሆኑ መርዝ ነው ወይ የሚል ጥያቄ።

ምላሽ 24

መርዝ አይደለም፤ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ቀለሙ ብቻ ነው የሚለወጠው፣ ይበላል። ሎሚውን ትቶ በጥቂት ጨውና ዘይት መፍጨት ቀለሙን ይጠብቃል። ዘይት የገባበት ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ግን ከማቀዝቀዣ ውጪ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ አደገኛ መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ ይራባል፣ በማሽተትም በማየትም አይታወቅም። ማቀዝቀዣ ውስጥም ቢሆን ከ4 ቀን አይለፍ፤ ከዚያ ለበለጠ ጊዜ የሚፈልግ በበረዶ መሥሪያ አፍስሶ ፍሪዘር ውስጥ ያስገባው።